ማደርና ማስተዳደር፦ የወለጋ የራስ አስተዳደርና የመረዳጃ ስያሜዎች በአማርኛ ስላገኙት ፍች የቀረበ ሂስ

ስለ ሕዝቦች ራስ አስተዳደርና ስለ ማኅበራዊ አገልግሎት የተጻፉ ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚዎቻችን አዘውትረው የሚከተሏቸው ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው ለባዕዱ ሐሳብ አዲስ ሐረግ ማበጀት ነው፤ «ነባር ሕዝቦች»፣ «ራስን በራስ ማስተዳደር»፣ «ማኅበራዊ አገልግሎት» የሚሉት በዚህ መንገድ የተገኙ ናቸው። ሁለተኛው የአንድን አገር በቀል ተቋም ስም ተውሶ ለባዕዱ ሐሳብ ማልበስ ነው። ሁለቱም ልማዶች በራሳቸው አይነቀፉም። የሚነቀፈው ስሙ ተወስዶ ስሙ የተሸከመው ግዴታ ሲቀር ነው። ይህ ጽሑፍ በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች የኖሩ ጥቂት ስያሜዎችን በመመርመር ጉድለቱን ለማሳየትና የማረሚያ ሐሳብ ለማቅረብ ይሞክራል።

በመጀመሪያ «አስተዳደር» የሚለውን ቃል እንመልከት። ግንዱ «አደረ» ነው። አደረ ማለት ሌሊቱን አሳለፈ፣ ነጋለት ማለት ሲሆን፣ «ቤተሰቡን ያስተዳድራል» ስንል ያበላል፣ ያለብሳል፣ ለነገው ያደርሳል ማለታችን ነው። የኦሮምኛው «ቡልቹ»ም የተገኘው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ «ቡሉ» ማደር፣ «ቡልቹ» ደግሞ ማሳደርና ማስተዳደር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ከተለያዩ ቤተሰቦች፣ አንዱ ከሴማዊው ሌላው ከኩሻዊው፣ የመጡ ሆነው ሳለ ሥልጣንን የሰየሙት ሰውን በደኅና በማሳደር ነው። ስለዚህ በዛሬዎቹ ሰነዶች «አስተዳደር» በአንድ ምዕራፍ፣ «ማኅበራዊ አገልግሎት» በሌላ ምዕራፍ ተነጣጥለው ሲቀርቡ፣ ክፍፍሉ ከመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት የመጣ እንጂ ከቃሉ የመነጨ አለመሆኑን ተርጓሚው ሊያውቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ «ባህላዊ» የሚለው ቅጽል ነው። ተርጓሚዎች ገዳንም፣ የሌቃ ነቀምትን ሞትነትም «ባህላዊ አስተዳደር» ብለው ያልፋሉ። ነገር ግን ሁለቱ የሥልጣን ዓይነቶች እጅግ የተለያዩ ናቸው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በስምንት ዓመት የሚያልፍ ሲሆን፣ ተረካቢው ምድብ በዕድሜና በትውልድ ሥርዓት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት በነቀምት የተነሣው ሥርወ መንግሥት ግን ከበከሬ ጎዳና ወደ ልጁ ሞረዳ፣ ከሞረዳም ወደ ልጁ ኩምሳ በውርስ የተላለፈ ነው። በመጫ ኦሮሞ ዘንድ የሞቲዎች መነሣት የገዳን የፖለቲካ ሥልጣን ካዳከሙት ምክንያቶች አንዱ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሌላውን የተካባቸውን ሁለት ሥርዓቶች በአንድ ቅጽል መጥራት ታሪኩን ከመሰረዝ አይለይም። ኩምሳ ክርስትና ተነሥቶ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ከተባለ በኋላ ደግሞ አማርኛው በ«ባላባት» ስም ከሌሎች ብዙ ገዢዎች ጋር ጨፈለቀው። በአንጻሩ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት በአማርኛም «ጨፌ» ተብሎ መጠራቱ መልካም ምሳሌ ነው፤ ሸንጎው የሚቀመጥበት መስክ ስም ሳይተረጐም በመቅረቱ አንባቢው ቃሉ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ይገደዳል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው «ጉዲፈቻ» ነው። ቃሉ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኋላም በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የአማርኛ የሕግ ቃል ሆኗል። በኦሮምኛ «ጉዳቹ» ማደግ፣ «ጉዲሱ» ማሳደግ፣ «ጉዲፈቹ» ደግሞ ለራስ ማሳደግ ነው። በመጨረሻው ቅርጽ ያለው ቅጥያ ድርጊቱ ለአድራጊው መሆኑን ያመለክታል፤ አሳዳጊው ልጁን የራሱ አድርጎ ያሳድጋል። የአማርኛው «ማደጎ» ከዚሁ ሐሳብ ቢቀርብም ይህን ፍች በቅርጹ አያሳይም፤ ስለዚህ የሕግ አርቃቂዎቹ ከኦሮምኛ መዋሳቸው ማለፊያ ነበር። ይሁን እንጂ በሕጉ ጉዲፈቻ በስምምነት የሚመሠረትና በፍርድ ቤት የሚጸድቅ ግንኙነት ነው። በመጫ ልማድ ግን አሳዳጊዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ጎሣውም ልጁን ይቀበላል፤ ጎሣው ምስክር ብቻ ሳይሆን ባለግዴታም ነው። ከጉዲፈቻ ጎን የቆመው «ሞጋሳ»፣ ማለትም ሰዎች በቡድን በጎሣው ስም ተሰይመው አባል የሚሆኑበት ሥርዓት፣ ወደ ሕጉ ቋንቋ አልገባም። በመሆኑም አማርኛው ግለሰባዊውን ወስዶ ማኅበረሰባዊውን ትቷል። «ነባር ሕዝብ» የሚለውን ሐረግ በትውልድ ብቻ የሚፈቱ ሰዎችም ሞጋሳን ቢያስታውሱ ፍቻቸውን እንደገና ይመረምሩ ነበር።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የውጭ አገር ጉዲፈቻን ታሪክ ያስብ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም። ልጆቹን በተቀበሉት በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ግን ዝምድናው ይቋረጣል። ስለዚህ በአማርኛው ሰነድ «ጉዲፈቻ» የሚለውን አንብቦ ወይም አስነብቦ የፈረመ ወላጅ ቃሉን በሚያውቀው ፍች ይቀበለዋል፤ ሰነዱ በሌላው ቋንቋ የሚያስከትለው ውጤት ግን መለያየት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው ተርጓሚ አንድም ቃል አልሳሳተም፤ ቢሆንም የተላለፈው መልእክት ሌላ ነው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ተከልክሏል፤ ከዚያ አስቀድሞ በሄዱት ልጆች ሰነድ ላይ ግን ቃሉ እንደ ተጻፈ ይኖራል።

አራተኛ፣ «ቡሳ ጎኖፋ» የተባለውን እንመልከት። ይህ ስም ከብቱ ያለቀበትን ወይም አደጋ የደረሰበትን ሰው ዘመዶቹና ማኅበረሰቡ እንደገና የሚያቋቁሙበትን የኦሮሞ ሥርዓት ያመለክታል። ስሙ በአንድ ወቅት ለብድርና ቁጠባ ተቋም ተሰጥቶ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የኦሮሚያ ክልል የአደጋ መከላከልና የእርዳታ ሥራ የሚመራ መሥሪያ ቤት በዚሁ ስም አቋቁሟል። ሁለተኛው አጠቃቀም ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ ነባሩ ፍች ይቀርባል፤ ብድር በቀኑ ከነወለዱ ይመለሳል፣ በቡሳ ጎኖፋ የተቋቋመ ሰው ግን የሚመልሰው ተራው ሲደርስ ለሌላው በመስጠት ነው። በተቃራኒው በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ስም ትርጉም ከምንጩ ሊሻል እንደሚችል ያሳያል። በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ያለው ቃል ራስን መርዳትን ሲያመለክት፣ «መረዳጃ» ግን አንዱ ሌላውን መርዳቱን ይናገራል። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለማሠራት ገንዘብ ያዋጣ ለነበረ ማኅበር የሚስማማው የአማርኛው ነው።

ሕግና አስተዳደር ጠቅላላ ቃል ይፈልጋሉ፣ የአንድ አካባቢን ዝርዝር ሁሉ ሊሸከሙ አይችሉም የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። መከራከሪያው ትክክል ነው። የምንጠይቀው ግን የሕጉ ፍች እንዲቀር ሳይሆን መዝገበ ቃላቱ ሁለቱን ፍቾች ለይቶ እንዲያስቀምጥ ነው። ሥራው ያለ መነሻም አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ካዘጋጀ በኋላ በነቀምት አስተምሯል፤ ኦሮምኛን በአማርኛ ፊደል የማንበብ ልማድ በዚያች ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከአገር ውስጥ ቋንቋ የተወሰደ የተቋም ስም በመዝገበ ቃላት ሲገባ የመጣበት ቋንቋና አካባቢ፣ የቃሉም ግንድ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በልማድ ያለው ፍችና በሕግ የተሰጠው ፍች በተለያየ ቁጥር ይቀመጡ፤ በእያንዳንዱም ሥር ማን ለማን ምን ግዴታ እንዳለበት ይገለጽ። ሦስተኛ፣ «ባህላዊ» የሚለው ቅጽል ብቻውን ፍች ሆኖ አይቅረብ፤ ሥልጣኑ በምርጫ፣ በትውልድ ተራ ወይም በውርስ የሚያዝ መሆኑ ይነገር። እነዚህ ከተሟሉ በነቀምት ወይም በግምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ በአንድ ሰነድ ግርጌ የሚፈርም ሰው፣ በቋንቋው የሚያውቀው ቃል በወረቀቱ ላይም ያንኑ ማለቱን ወይም አለማለቱን አስቀድሞ ሊረዳ ይችላል።