ከሼፊልድ እስከ ሞሃቪ በረሃ፦ የአርክቲክ መንኪስ ጉዞ ሲመረመር

ስለ እንግሊዛዊው የኢንዲ ሮክ ባንድ አርክቲክ መንኪስ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ኢንተርኔት ነው። ከሼፊልድ ዳርቻ፣ ሃይ ግሪን ከሚባል ሰፈር የወጡት ልጆች በ2003 (እ.ኤ.አ.) መድረክ ላይ መታየት ሲጀምሩ፣ ለሙከራ የቀረጿቸውን ዘፈኖች በሲዲ እየገለበጡ ለታዳሚው በነጻ ያድሉ ነበር። አድናቂዎቻቸው ዘፈኖቹን በኢንተርኔት ተቀባበሏቸው። በጥር 2006 ዶሚኖ በተባለው ነጻ አሳታሚ በኩል የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በአንድ ሳምንት ከ360 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በብሪታንያ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንዲህ የፈጠነ የበኩር አልበም አልነበረም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ዘፈኖቹ በምን መንገድ እንደተዳረሱ ቢነግረን እንጂ ለምን እንደተወደዱ አይነግረንም።

መልሱ ያለው ግጥሙ ውስጥ ነው። የባንዱ ድምፃዊ አሌክስ ተርነር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የጻፋቸው ስንኞች ስለ ቅዳሜ ምሽት ናቸው፦ የምሽት ክበብ በር ላይ የሚያንገላታ ዘበኛ፣ ታክሲ ውስጥ የሚነሳ ጠብ፣ ወጣቶችን የሚያሳድድ የፖሊስ መኪና። የሚዘፍነውም በሰፈሩ የዮርክሻየር ዘዬ ነበር። ብዙ እንግሊዛውያን የሮክ ዘፋኞች ማይክሮፎን ሲይዙ ወደ አሜሪካኛ በሚያደሉበት አገር፣ ይህ ራሱን የቻለ አቋም ነው። የመጀመሪያው አልበም ርዕስ የተወሰደው ከአለን ሲሊቶ የ1958 ልብ ወለድ መሆኑም በከንቱ አይደለም። የሲሊቶ ጀግና ሳምንቱን ሙሉ በኖቲንግሃም ፋብሪካ ለፍቶ ቅዳሜን በመጠጥ የሚያራግፍ ወዛደር ነበር። በተርነር ዘፈኖች ግን ፋብሪካው የለም፤ የቀረው ምሽቱ ብቻ ነው። ብረት አምራቿ ሼፊልድ በሁለት ትውልድ መካከል ምን እንዳጣች የሚናገር ከዚህ የበረታ ዝምታ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ግጥም ግን ዕድሜው አጭር ነው። የሜርኩሪን የሙዚቃ ሽልማት በ2006 የወሰደ ልጅ በክበቡ በር ላይ እንደማንም ተሰልፎ የሰዉን ወሬ ሊያዳምጥ አይችልም። በዚያው ዓመት የቤዝ ተጫዋቹ አንዲ ኒኮልሰን ለቅቆ ኒክ ኦማሊ ተተካ፤ በ2007 የወጣው ሁለተኛው አልበም ፈጣንና ጉልበታም ቢሆንም በአብዛኛው የፊተኛውን መንገድ የተከተለ ነው።

ሃያስያን የባንዱን ትልቅ ለውጥ ሲፈልጉ ወይ የ2013ቱን «ኤኤም»፣ ወይ በፒያኖ የተጻፈውንና ጨረቃ ላይ ስላለ ምናባዊ ሆቴል የሚተርከውን የ2018ቱን አልበም ይጠቅሳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለውጡ የመጣው በ2009 በ«ሃምበግ» ነው። ባንዱ የኩዊንስ ኦፍ ዘ ስቶን ኤጅ ባንድ አባል የሆነውን ጆሽ ሆሚን ፕሮዲውሰር አድርጎ የአልበሙን አብዛኛውን ክፍል በካሊፎርኒያ፣ በሞሃቪ በረሃ ቀረጸ። የዘፈኖቹ ፍጥነት ረገበ፤ ጊታሩ ከበደ፤ የማት ሄልደርስ ድራም መሽቀዳደሙን ትቶ ክፍተት መስጠት ጀመረ። ተርነርም ቃል በቃል ላይ መደርደሩን ትቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መዝፈን ለመደ። ያየውን ከመተረክ ይልቅ የተድበሰበሰ ምስል ወደ መፍጠር ያለፈውም እዚህ ነው። አልበሙ እንደ ቀዳሚዎቹ አልተሸጠም፤ በረሃው ልጆቹን አበላሻቸው ያሉም ነበሩ። ነገር ግን «ኤኤም»ን በዓለም ዙሪያ ያስወደደው ያ ቀርፋፋና ከባድ ምት ከ«ሃምበግ» የተወረሰ ነው፤ ሆሚ ራሱም በ«ኤኤም» ውስጥ በተቀባይ ድምፃዊነት ዘፍኗል።

ይህ ለውጥ ያስከፈለው ዋጋ አለ። በ2018ቱ አልበም ግጥሙ አንዳንዴ ራሱን ብቻ እስኪያዳምጥ ድረስ ይጠላለፋል፤ በመጀመሪያው አልበም ስማቸው ሳይነገር እንኳ የምናውቃቸው ሰዎች ጠፍተዋል። የ2022ቱ «ዘ ካር» በቫዮሊኖቹ መካከል ስሜቱን በከፊል መልሶ አግኝቷል፤ ሰዎቹን ግን አልመለሰም። ቢሆንም አዋጪውን ቀመር መድገም ሲችሉ ሁለት ጊዜ ትተውታል፤ ሰባቱም የስቱዲዮ አልበሞቻቸው የወጡት በዚያው በዶሚኖ ስም ነው። ይህን ባንድ በሽያጭ ሰንጠረዥ ብቻ የሚመዝን ሃያሲ ከሥራዎቹ ሁሉ ወሳኙን፣ «ሃምበግ»ን፣ ሳያየው ያልፋል።