ለቮልስ አዲስ ጉልበት፤ ፍሬኑስ?

አሮጌ መኪናን ከነመልኩ አድሶ በአዲስ ሞተር የማስነሳት ሥራ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ገበያ አለው። ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ፖንቲያክ ጂቲኦ ወዲህ የመጡት ባለ ትልቅ ሞተር መኪኖች ዛሬ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነዳጅ አቅርቦት፣ ሰፊ ጎማና ዲስክ ፍሬን እየተገጠመላቸው ይሸጣሉ። የእኛ አገር ክላሲክ ግን ሌላ ነው፤ ቮልስ ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ደግሞ ያለችውን ማደስ ከፍቅርም አልፎ ሂሳብ ሆኗል።

ማደሱን አልቃወምም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ለቀለም፣ ቀጥሎ ለቸርኬ፣ ከዚያ ለሞተር ይወጣል። ለፍሬን የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ ፒያሳ ለምትመላለስ መኪና ይህ ስህተት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ከሉማሜ ሆናችሁ ብታዩት ግን ቶሎ ይገለጣል።

ሉማሜ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ፣ በብቸናና በሞጣ በኩል የሚመጣውም ጭምር፣ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ጎሃ ጽዮን ላይ ይወጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል በ22 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ ደግሞ በሚስበው አየር ልክ ነው። ስለዚህ በፋብሪካ ወረቀት 34 የፈረስ ጉልበት የተባለችው ባለ 1200 ቮልስ ሉማሜ ላይ የሚቀራት 27 ያህል ነው። ባለ 1600ው ሞተር በወረቀት 50 ነው፤ እዚህ 39 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ሞተር ያስቀየረው ሰውዬ ያገኘው፣ ባለ 1200ዋ ባሕር ዳርቻ ላይ ከነበራት ብዙም ያልራቀ ጉልበት ነው። ምኞቱ እንግዲህ ቅብጠት አይደለም፤ ከፍታው የነጠቀውን ማስመለስ ነው።

ግን ትልቁ ሞተር ሙቀቱንም ይዞ ይመጣል። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያ የሚነዳት አየር ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። በድሮዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለተቀመጠ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ቀድሞ የሞቀ አየር ነው፤ ቫልቩ የሚቃጠልባት ታሪክ ከዚያ ይመጣል። ፋብሪካው ራሱ ማቀዝቀዣውን ከ1971 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦታ ያስቀየረው ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌውን ማቀዝቀዣ እንዳለ ትቶ ትልልቅ ፒስተን መግጠም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ማደስ ሳይሆን ዕዳ መግባት ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። መኪናዋ ከአራት ሰው ጋር 1,100 ኪሎ ትመዝናለች እንበል፤ በትንሹ 1,000 ሜትር ትወርዳለች። ክብደት በስበት በቁመት ስናባዛ 10.8 ሚሊዮን ጁል ይወጣል። 32 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ሙቀት ነው። የተወሰነውን አየሩና ጎማው ይወስዱታል። ቀሪውን ወይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይውጠዋል፤ ሌላ መሄጃ የለውም።

በአራቱም እግር ታምቡር ያላት ቮልስ ይህን ለመዋጥ አልተሠራችም። ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ጠለቅ አድርጎ መርገጥ ይጀምራል። ለዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ስቧል። አዲስ እያለ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚፈላው ተራ ዘይት፣ እርጥበት ሲጠግብ ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ እግር ወለል ይነካል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት ብዙዎቹ ላይ አራቱም ጎማ በአንድ የዘይት መስመር የሚያዝ ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ ሁሉም ሄደ። ጨርሶ ያልተሻሻለው መኪናም ይህ አደጋ አለበት። ባለ ጉልበቱ ግን ፈጥኖ ይደርሳል፤ ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማለፍ መቆም ያለበትን ጉልበት 1.8 ጊዜ ያህል ያደርገዋል።

ሥራው በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ቮልስዋገን በ2019 (እ.ኤ.አ.) ኢክላሲክስ ከሚባል ድርጅት ጋር ያቀረበውን ኤሌክትሪክ ቢትል መመልከት ይበቃል። ሞተሩ 60 ኪሎዋት፣ ባትሪው 36.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ ክብደቷ 1,280 ኪሎ። ክብደቱ ሲጨምር ከሥር ያለውን አካልና ፍሬኑን አብረው አጠናክረዋል፤ ምስጋናዬ ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ሉማሜም ሆነ ምጽዋ ለእሱ አንድ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጀነሬተር ሆኖ መኪናዋን ይይዛል፤ ከላይ ያሰላነው 10.8 ሚሊዮን ጁል ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ከፊሉ ተመልሶ ባትሪ ውስጥ ይገባል።

ነቀፌታዬ የዚህች መኪና ዓይነት ሥራ እዚህ ሲቀዳ ስለሚቀረው ነገር ነው። ባትሪና ሞተር ገዝቶ መግጠም ይቻላል፤ ታምቡሩ ግን እዚያው ይቀራል፣ «ሞተሩ ራሱ ይይዛታል» እየተባለ። ሉማሜ አድሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ፣ ጠዋት መቶ በመቶ ሞልቶ ደጀን የሚደርስ መኪና አስቡ። 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄደም፤ ባትሪው ገና ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። የሞላ ባትሪ ደግሞ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል አይቀበልም። ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ ሥራው በሙሉ ለእነዚያው ታምቡሮች ይመለሳል። ባለ ኤሌክትሪክ ቮልስ ያላችሁ፣ ማታ ሲሞላ ሰማንያው ላይ ንቀሉት።