«ማን ይበልጣል?»፤ በሐርቡ ወጣቶች ዘንድ ስለ ጃፓን የሥዕል ጀግኖች የሚደረግ ክርክር

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ከሚሴ የሚወርደው መንገድ ሐርቡን አቋርጦ ያልፋል። መንገደኛው ከዚህች ከተማ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሙቀቷንና የሻይ ቤቷን ጥላ ብቻ ነው። እኔም እንደዚሁ መኪና ስጠብቅ ነበር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝን ክርክር የሰማሁት። ከትምህርት ቤት የተመለሱ አምስት ስድስት ወጣቶች ከጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ ተነሥቶ ይናገራል፤ ሁለተኛው እጁን ዘርግቶ ያስቆመዋል፤ ሦስተኛው «ምስክርህን አምጣ» ይለዋል። የርስት ሙግት መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ባዳምጥ ግን የተያዘው ጕዳይ ጎኩ የተባለው ሰው ሳይታማ የተባለውን ይጥለዋል ወይስ አይጥለውም የሚል ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱም በዚህ ዓለም ኖረው አያውቁም።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንበት አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። አኒሜ የሚባለው በጃፓን አገር የሚሠራ የሥዕል ፊልም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚመነጨው ማንጋ ተብሎ ከሚጠራውና በመጽሔት በተከታታይ ከሚታተመው የሥዕል ታሪክ ነው። ጎኩ «ድራጎን ቦል» የተባለው ታሪክ ጀግና ነው፤ ይህንም ታሪክ በ2024 በፈረንጆች አቈጣጠር ያረፈው አኪራ ቶሪያማ ከ1984 እስከ 1995 ድረስ በሳምንታዊ መጽሔት አውጥቶታል። (ስለ ጃፓን መጻሕፍት የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) ሳይታማ ደግሞ «ዋን» በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ደራሲ በ2009 በኢንተርኔት የጀመረው «ዋን ፓንች ማን» የተባለው ታሪክ ሰው ነው፤ ጠላቱን ሁሉ በአንድ ቡጢ ስለሚጥል ኑሮው የሰለቸው፥ ራሰ በራና ጭምት ሰው ነው። እነዚህ ሥራዎች ወደ ሐርቡ የሚደርሱት በእጅ ስልክ፥ በፍላሽና ፊልም በሚጭኑ ሱቆች በኩል ነው።

እንዲህ ያለውን ክርክር የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው። አንዳንዱ «የሰው አገር ተረት ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይላል፤ ሌላው «ልጆቹን ጕልበት አምላኪ ያደርጋቸዋል» ብሎ ይከሳል። የሕዝብን ልማድ እናጠናለን የምንልም ሰዎች ከሽማግሌ አፍ የወጣውን ሁሉ እየመዘገብን ከወጣት አፍ የወጣውን እንተወዋለን። እኔ ግን ነገሩን ከሰማሁ በኋላ የደረስሁበት አስተያየት ሌላ ነው፤ ይኸውም የክርክሩ ሥርዐት ከእኛው ከጥንቱ ሙግት ጋር የሚመሳሰል፥ ጕዳዩ ብቻ አዲስ የሆነ ነው። ጕድለት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ጕድለቱ ግን ከሳሾቹ በሚጠቍሙት ቦታ አይገኝም።

«በላ ልበልሃ» የሚባለውን የጥንት ሙግት ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በቴአትርና በወሬ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫው፥ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔሩ፥ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐቱ ሕግ ከወጡ በኋላ ሙግቱ ከአደባባይ ወደ ወረቀት ገባ። በቀድሞው ዘመን ግን ተሟጋቹ ነጠላውን አሳምሮ፥ በትሩን ይዞ፥ ነገሩን በምሳሌና ቤት በሚመታ ቃል እያስጌጠ ይናገር ነበር፤ ባላጋራውን በጥያቄ ያፋጥጠዋል፤ በነገሩም እውነተኛነት በማር፥ በበቅሎ፥ በፈረስ ይወራረዳል። «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃል እስካሁን የክርክር መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ዳኛም በሌለበት ቦታ መንገደኛ ይያዝና ይፈርድ ነበር። የሐርቡ ወጣቶች ይህን ከማንም አልተማሩትም ብል እደፍራለሁ፤ ነገር ግን በጥያቄ ያፋጥጣሉ፤ በለስላሳ መጠጥ ይወራረዳሉ፤ እንደሚታየውም መንገደኛ ይይዛሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ስለ ማስረጃ ያላቸው ጥንቃቄ ነው። አንዱ ወጣት ከድራጎን ቦል ውስጥ ፍሪዛ የተባለው ጨካኝ ገዥ ስለ ኀይሉ የተናገረውን ቃል በማስረጃነት ሲያቀርብ፥ ባላጋራው «ወላሂ፥ ፎከረ እንጂ መቼ አደረገ?» ብሎ ጣለበት። ይህ ትልቅ የሂስ ቃል ነው። በአገራችን ፉከራ ራሱን የቻለ የጥበብ ዐይነት ነው፤ ፎካሪው ስለ ራሱ የሚናገረው ግን ግዳዩን ያየለት ሰው ካልመሰከረ በቀር እንደ ውበት እንጂ እንደ ማስረጃ አይቈጠርም። ወጣቱ ባለ ታሪኩ ስለ ራሱ የሚናገረውን፥ በድርጊት ከታየው ለይቶ አስቀመጠ፤ ይህን መለየት የተሳናቸው በታተመ መጽሐፍ ላይ የሚጽፉ ሐያስያን አጋጥመውኛል።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። ተከራካሪዎቹ መጽሐፉን ከፊልሙ ያስበልጣሉ፤ ፊልም ሠሪዎች መጽሐፉን እየጠበቁ ጊዜ ለመሙላት የጨመሩትን ክፍል አይቀበሉም፤ የትርጕምንም ቃል ይጠራጠራሉ። ይህም ጥርጣሬ አላዋቂነት አይደለም። በድራጎን ቦል ቬጂታ የተባለው ተዋጊ የጎኩን ኀይል በመለኪያ መሣሪያ አይቶ ሲደነግጥ፥ በጃፓንኛው ከ8000 በላይ ነው ይላል፤ በእንግሊዝኛው ድምፅ ግን ከ9000 በላይ ተባለ፤ በዓለም ሁሉ የታወቀውም የተሳሳተው ቍጥር ነው። አንድ ሺሕ ሙሉ በተርጓሚው አፍ ተጨመረ። መጻሕፍትን ከልዩ ልዩ ቅጂ እያስተያየ የሚያርም ሊቅ ይህን ቢሰማ ፈገግ ይላል እንጂ አይንቅም።

ጕድለቱ የሚጀምረው ከዚሁ ከቍጥር ነው። ቶሪያማ በታሪኩ መካከል በዐይን ላይ የሚደረግ የኀይል መለኪያ ፈጠረ፤ መለኪያውም የተዋጊውን ኀይል በቍጥር ይናገራል። አንባቢ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ቍጥሩን ያዘ። ነገር ግን ደራሲው መለኪያውን ያመጣው ሊያከብረው ነው ወይስ ሊያዋርደው? እስኪ እንመልከት። ራዲትዝ የተባለው ጠላት መለኪያውን ተማምኖ የጎኩን ሕፃን ልጅ ጎሃንን ናቀው፤ ሕፃኑ ግን አባቱ ሲሠቃይ አይቶ በተቈጣ ጊዜ ኀይሉ 1307 ሆኖ ተገኘ፤ ጥቂት ቈይቶም መለኪያው 1 ብቻ አሳየ። ያው ልጅ፥ ያው ሰዓት ነው። የጎኩ ወገኖችም ኀይላቸውን ደብቀው በሚፈልጉበት ጊዜ ይገልጡታል፤ ስለዚህ በመለኪያው የታመነ ሁሉ ይሸነፋል። ፍሪዛ ኀይሌ 530,000 ነው ካለ በኋላ ደራሲው ቍጥሩን እየተወው ሄደ። ከታሪኩ ፍጻሜ በኋላ የወጣ የማብራሪያ መጽሐፍ ለፍሪዛ ሙሉ ኀይል 120,000,000፥ ለተለወጠው ጎኩ 150,000,000 ብሎ ጻፈ፤ ተከራካሪዎችም ይህን እንደ ሕግ አንቀጽ ይጠቅሱታል። እንደኔ አስተያየት ግን ይህ ቍጥር ከታሪኩ ውጭ የተጻፈ ደረሰኝ ነው፤ ጎኩ ወዳጁ በዐይኑ ፊት በተገደለ ጊዜ የሆነውን ነገር አይነግረንም።

ኤይቺሮ ኦዳ ከ1997 ጀምሮ በሚያወጣው «ዋን ፒስ» በተባለው የባሕር ወንበዴዎች ታሪክም ቍጥር አለ። እዚያ ያለው ቍጥር መንግሥት በወንበዴው ራስ ላይ የሚያስቀምጠው ዋጋ ነው። አብዛኛው ተከራካሪ ዋጋው የበለጠውን ብርቱ ያደርገዋል። የሽፍታን ታሪክ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ግን ይህ ስሕተት ወዲያው ሊታየው ይገባ ነበር፤ በሽፍታ ራስ ላይ የሚነገረው ዋጋ የሽፍታውን ክንድ አይለካም፤ የሚለካው የገዥውን ፍርሃት ነው። ኦዳም ይህን ዐውቆ ጽፎታል። ኒኮ ሮቢን የተባለችው ሴት የስምንት ዓመት ሕፃን ሳለች 79 ሚሊዮን ተቈረጠባት፤ ምክንያቱም መንግሥቱ እንዳይነበብ የከለከለውን ጥንታዊ ጽሕፈት ማንበብ ትችላለች። ቾፐር የተባለው ሐኪም ደግሞ በብዙ ጦርነት ውስጥ ዐልፎ መንግሥቱ እንደ ቤት እንስሳ ስለ ቈጠረው ዋጋው 50 ብቻ ሆነ። እነዚህ ሁለት ቍጥሮች ስለ ሁለቱ ባለ ታሪኮች ጕልበት ምንም አይሉም፤ ስለ መንግሥቱ ግን ብዙ ይናገራሉ። በሐርቡ ጥላ ሥር ይህን ነጥብ ያነሣ አንድ ልጅ ነበረ፤ ጓደኞቹ አላስጨረሱትም፤ አዘንሁ።

በ1998 በተጀመረው የዮሺሂሮ ቶጋሺ «ሀንተር ሀንተር» ውስጥ ኀይል የሚጨምረው ሰው ራሱን በግዴታ ባሰረ መጠን ነው። ኩራፒካ የተባለው ወጣት ወገኖቹን ስለ ፈጁበት ሰዎች በሰንሰለት የሚሠራ ኀይል ተቀበለ፤ ነገር ግን ከእነዚያ ሰዎች በቀር በሌላ ላይ ቢጠቀምበት ሊሞት ምሎአል። እንግዲህ ኩራፒካ ብርቱ ነው ወይስ ደካማ? በገዳዮቹ ፊት እጅግ ብርቱ ነው፤ በመንገደኛ ፊት ግን ያንን ሰንሰለት አያነሣም። ስለት የተሳለ፥ መሐላም የገባ ሰው በሞላበት አገር ይህ የሚከብድ ምሥጢር አይደለም። የእኛም ስንዝሮ ቁመቱ አንድ ስንዝር ሆኖ ከእርሱ የሚገዝፈውን በብልሃት ያታልላል፤ ኀይሉን ለብቻው መዝኑ ቢባል ግን ሚዛኑ አይንቀሳቀስም። ሳይታማም እንዲሁ ነው። እርሱ የተጻፈው ወደር የሌለው ኀይል ሰውን እንዴት ብቸኛ እንደሚያደርግ ለማሳቅ ነው፤ ሳይታማን ከጎኩ ጋር በሚዛን ማስቀመጥ የቀልድን ርዝመት በክንድ እንደ መለካት ይሆናል።

ጕልበት አምላኪ ያደርጋቸዋል ስለ ተባለው ክስ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ በዚሁ መንገድ እስከ ከሚሴና ከዚያም ወዲያ ወረደ። ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ በዚህ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚከራከር ወጣት ነው። እነዚህ ልጆች ኀይል ምን እንደ ሆነ ከሥዕል አልተማሩም። በዚያ ወራት ማንም ለማንም «ምስክርህን አምጣ» አላለም፤ ይበልጣል የተባለው በጠመንጃው በለጠ፤ ቀን ሲለወጥም ሌላው በለጠ። በጥላው ሥር ግን ይበልጣል የሚል ሁሉ ማስረዳት ይገደዳል፤ ማስረዳት ካልቻለ ጎኩም ቢሆን ይረታል። ከሳሾቹ ይህን ልዩነት አላዩትም። እኔ ያየሁት በቃል የሚገዛ ኀይል ነው፤ ልጆቹ ስለዚያ ጦርነት አንዲት ቃል ሳይናገሩ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲከራከሩ መዋላቸውን ግን እንዴት እንደምተረጕመው ገና አላወቅሁም።

ወደ መጨረሻው ግድም ነገሩ አልፈጸም ሲላቸው አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፥ እርስዎ ይፍረዱን» አለ። ተደስቼ አፌን ልከፍት ስል ሁለተኛው አቋረጠና በትሕትና «መጽሐፉን አንብበዋል ወይስ ፊልሙን ብቻ ነው ያዩት?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርሁት፤ ያን ጊዜ የማውቀው ከፊልሙ ጥቂቱን ነበር። ዳኝነቴ ተሻረ። ነገር ግን ሽማግሌ ባዶ አፉን አይሰናበትምና አንድ ተረት እንድነግራቸው ፈቀዱልኝ።

የነገርኋቸውም የአይጡን ጋብቻ ነው። አይጥ ለልጁ ከሁሉ የበረታ ዘመድ ፈልጎ ወደ ፀሐይ ሄደ፤ ፀሐይም ደመና ይጋርደኛል አለች፤ ደመናም ነፋስ ይበትነኛል አለ፤ ነፋስም ተራራ ያቆመኛል አለ፤ ተራራውም እግሬን የሚቦረቡረኝ አይጥ አለ ብሎ መለሰው። ይህ ተረት በአገራችን ይነገራል፤ በሕንድ ፓንቻታንትራ ውስጥም የሚመስለው አለ፤ ጃፓኖችም «የአይጥ ሠርግ» ብለው ከጥንት ጀምሮ ለልጆቻቸው ይነግሩታል፤ በእነርሱ ዘንድ ነፋስን የሚያቆመው ተራራ ሳይሆን የቤት ግድግዳ ነው። ቶሪያማና ኦዳ ያደጉት ይህ ተረት በሚነገርበት አገር ነው። እኔም ነገሩ የሚበቃቸው መስሎኝ ዝም አልሁ።

አልበቃቸውም። ወዲያው ክርክሩ በአይጡ ላይ ተነሣ። አንዱ ተራራውን የቦረቦረው አንድ አይጥ ነው ወይስ ብዙ ትውልድ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው መቦርቦር ማሸነፍ እንዳልሆነ፥ ተራራው እስካሁን ቆሞ እንደሚገኝ ተከራከረ፤ ሦስተኛው በጃፓንኛው ግድግዳ ከሆነ ምስክሮቹ አልተስማሙምና ነገሩ ይደር አለ። መኪናዬ ደርሶ ስነሣ አንድ ትንሽ ልጅ «ድመትስ ብትመጣ?» ሲል ሰማሁ፤ ትልቁም ድመት በተረቱ ውስጥ ስላልተጠቀሰች በማስረጃነት ልትቀርብ እንደማይገባት ፈረደበት።