አሻንጉሊቱና አዝማሪው

በፖለቲካ አማርኛችን «አሻንጉሊት» ስድብ ነው። «አሻንጉሊት መንግሥት» ሲባል እየሰማን አድገናል፤ ሌላው የሚያንቀሳቅሰው፣ የራሱ ቃል የሌለው ማለት ነው። ከስድብ የተረፈውን አሻንጉሊት ደግሞ ለልጆች ትተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔዋን ይዞ ሲመጣ፣ ልጆቹን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠን እኛ ወደየጉዳያችን ሄድን።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ምዕራብ ጃቫ ላይ ግን አሻንጉሊት የአዋቂ ጉዳይ ነው። ሱንዳዎች «ዋያንግ ጎሌክ» ይሉታል። ራሱ ከቀላል እንጨት ተጠርቦ ቀለም የተቀባ ነው። አንድ ዘንግ ከሥር ገብቶ አንገቱን ያዞራል፤ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች እጆቹን ያንቀሳቅሳሉ። ከወገብ በታች ጨርቅ ብቻ ነው። «ዳላንግ» የሚባለው ባለሙያ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ የንጉሡንም የአሽከሩንም ድምፅ ያወጣል፣ የነሐስ ደወል መቺዎቹንም ይመራል። ታሪኩ በአብዛኛው ከሕንዶቹ ማሃባራታና ራማያና የመጣ ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ ሙስሊም። ብዙውን ሰው አላስጨነቀም።

እኔን የማረከኝ ቼፖት ነው። ፊቱ ቀይ፣ ሥራው አሽከርነት፣ አፉ ያልተገራ። ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን ነገር ቼፖት ይናገረዋል፤ እንጨት ነዋ! በእርግጥ የሱሃርቶ መንግሥትም ይህን ስለሚያውቅ ዳላንጎቹን የቤተሰብ ምጣኔ ሰባኪ አድርጓቸው ነበር። የኛዎቹን የደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነቶች ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ የተጠረበ ቼፖት የለም። እረኛ ከጭቃ በሬ ይሠራል፣ ዝናብ ሲመጣ ይፈርሳል፣ በቃ። ግን የቼፖትን ሥራ የሚሠራ ሰው አለ፤ እሱም አዝማሪው ነው። የሰርግ ዳስ ውስጥ አዝማሪው ማሲንቆውን ይገዘግዛል። ዳሱ ጥግ ጠላውን ይዞ የተቀመጠ ገበሬ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል። ስንኙ ሰሙ ሙሽራዋን ያወድሳል፣ ወርቁ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ጭቃ ሹም ይሸነቁጣል። ጭቃ ሹሙ ማንን ይክሰስ? አዝማሪው «የተሰጠኝን ነው ያልኩት» ይላል። ገበሬው «የዘፈነው እሱ ነው» ይላል። ቃሉ ባለቤት አጣ!

እንግዲህ አሻንጉሊቱ አዝማሪው ነው፤ ዳላንጉ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ደግሞ በየስንኙ ይለዋወጣል። ሱንዳዎች አንድ ዳላንግ አላቸው፤ እኛ ዳስ ሙሉ ነበረን።

ይህ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ፋሺስቶች ገብቷቸው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እንዲገደሉ አዘዘ። የቃሉን ባለቤት ከመፈለግ አፉን መዝጋት ቀሎት ይሆናል።

የዛሬው የከተማ ባህል ምሽት ቤት አፉን አልዘጋም፤ እንዲያውም በድምፅ ማጉያ ከፍቶታል። አዝማሪው ከአስተናጋጁ ስምህን ይጠይቃል፣ ከየት እንደመጣህ ይሰማል፣ ቁመናህን ያወድሳል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ያኔ ስንኝ ይቀበል ነበር፤ አሁን ብር ይቀበላል። በስድቡ ትርጉም አሻንጉሊት የሆነው ገና ዛሬ ነው። ጥፋቱን ግን በሱ ላይ አልጭንም። እሱ የሚሰጡትን ነው የሚለው። ባዶ እጁን የመጣው አድማጩ ነው፤ የተማረው፣ ጋዜጣ አንባቢው፣ ስለ ሰምና ወርቅ ሲጠየቅ ግማሽ ሰዓት የሚያወራው አድማጭ፣ «ተቀበል» ለማለት ግን ሁለት ስንኝ የሌለው።

ከማይክሮፎኑ ጋር ጠብ የለኝም፤ ዳላንጎቹም ይጠቀሙበታል። ለምሽት ቤት ባለቤቶች የማቀርበው አንድ አቤቱታ ነው፦ ሁለተኛ ማይክሮፎን ይግዙና ወደ ወንበሩ ወገን ያዙሩት። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብለን እንተያይ ይሆናል።