ውሃ ብቻ

ኪራሙ ላቦራቶሪ በገባሁበት የመጀመሪያ የወባ ወቅት ያበላሸሁት ስላይድ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ወፍራሙም ቀጭኑም የደም ቅብ አንድ መስታወት ላይ ነበሩ። ቀጭኑን ሜታኖል ሳስነካ እጄ ዘመም አለና ፈሳሹ ወፍራሙን ነካው። ጊምሳ የሚባለውን ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው ቀይ የደም ሴሎቹ እንደተነባበሩ ቀርተዋል፤ ተውሳክ ይኑር አይኑር መለየት አልቻልኩም። ውጭ በትኩሳት የምትንቀጠቀጥ ሕፃን ያቀፈች እናት ትጠብቃለች።

"ዶክተር፣ ደግሞ ልትወጋት ነው?" አለችኝ።

አዎ ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ወፍራሙ ቅብ የሚነበበው ሜታኖል ስላልነካው ነው። ሜታኖል ያላጸናው ሴል የጊምሳው ውሃ ሲገባበት ያብጥና ይፈነዳል፤ ሄሞግሎቢኑ ታጥቦ ይወጣል፣ ተውሳኩ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ሮናልድ ሮስ ወፍራሙን ቅብ በ1903 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀ ወዲህ የነገሩ መሠረት ያው ነው።

ከዓመታት በኋላ ስለ ነጠላ ሴል ፕሮቲን ምርመራ ሳነብ ያው ውሃ ጠበቀኝ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ የሚለካው በፒኮግራም ነው፤ ፒኮግራም የግራም ትሪሊዮንኛ ነው። ዲኤንኤ ቢያንስ በፒሲአር ይባዛል፤ ፕሮቲን ግን እንደዚያ አይባዛም፣ የጠፋው ጠፋ። የተለመደው አሠራር ሴሉን በሳሙና መሰል ኬሚካል ይሰብራል። ኬሚካሉ ፕሮቲኑን የሚለካውን ማስ ስፔክትሮሜትር ስለሚያውክ ናሙናው መልሶ መጽዳት አለበት፤ ከቱቦ ወደ ቱቦ በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ ፕሮቲኑ ግድግዳው ላይ እየተጣበቀ ይቀራል። ሚሊዮን ሴል ሲኖር ይህ ኪሳራ አይሰማም። አንድ ሴል ሲሆን ግን ያለው ሁሉ ያ ነው።

ቦስተን በሚገኘው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የኒኮላይ ስላቮቭ ቡድን በ2018 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መንገድ ልቤን ያሞቀው ለዚህ ነው። ሴሉን በንጹህ ውሃ ውስጥ በረዶ እስኪሆን ያቀዘቅዙታል፤ ከዚያ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያሞቁታል። ሴሉ ይሰበራል። ውሃ ስለሆነ የሚጸዳ ነገር የለም፤ ፕሮቲኑን የሚቆራርጠው ትሪፕሲን እዚያው ይጨመርበታል። እኛ ሄሞግሎቢኑ እንዲወገድ ሴሉን እናፈነዳለን፤ እነሱ ደግሞ ምንም እንዳይባክን። ውሃው ግን አንድ ነው።

ሙቀት ላይ ስንደርስ እንለያያለን። ዝናቡ ሳይወጣ ወፍራም ቅብ ቶሎ አይደርቅም፤ ወረፋው ሲረዝም አዲስ ባለሙያ ስላይዱን ወደ እሳት ያስጠጋል። ሙቀቱም እንደ ሜታኖሉ ሴሎቹን ያጸናቸዋል፣ ውሃው ሊያፈነዳቸው አይችልም። ስለዚህ ስላይዱን ከእጁ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አጋድመዋለሁ፤ ዝንብ እንዳይልሰውም እከድነዋለሁ። ያቺ እናትም ያን ዕለት የጠበቀችው ሁለተኛው ቅብ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ድረስ ነው።