ባለቀዳዳው ሳንቲምና ጠገራ ብር

ናይሮቢ ውስጥ የአሮጌ ዕቃ ዋጋ የሚገምት ባለሙያ ደጋግሞ የሚቀርብለት፣ ከአያት ወርዶ በጣሳ ሲጠራቀም የኖረ የምሥራቅ አፍሪካ ሳንቲም ነው። ከዚህም መካከል ባለቤቶቹ አብልጠው ተስፋ የሚጥሉበት በ1936 እ.ኤ.አ. የተመታው ባለቀዳዳ ባለ10 ሳንቲም ሲሆን፣ ለዚህም ምክንያቱ በላዩ የሚነበበው የንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ስም ነው፤ ንጉሡ ዓመት ሳይሞላቸው ዙፋኑን ስለለቀቁ መልካቸው ያለበት የእንግሊዝ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። የምሥራቅ አፍሪካው ግን መሐሉ የተበሳ በመሆኑ የንጉሥ መልክ አይቀረጽበትም ነበርና፣ ስሙን ብቻ ለውጦ መምታት ስለተቻለ በሚሊዮን የሚቆጠር ወጣ። ብርቅነት፣ ማለትም ዕቃው ከፈላጊው ቁጥር አንጻር ማነሱ፣ እዚህ ላይ የለም፤ ሳንቲሙም ለማስታወሻ ካልሆነ በቀር ቦታ መያዙ ትርፍ የለውም።

ከ1946 በፊት የተመታው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም «ብር ነው» እየተባለ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ከክብደቱ ብር የሆነው ሩቡ ብቻ ስለሆነ በአንዱ ሽልንግ ያለው ንጹሕ ብር 2 ግራም አይሞላም። ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ያቆዩት ጠገራ ብር፣ በሌላ ስሙ ማርያ ቴሬዛ፣ ከዚህ ይለያል። በላዩ የሚታየው 1780 ዕድሜውን አይናገርም፤ ስሙን ያገኘባቸው እቴጌ ማርያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ከሞቱ በኋላ ያው ዓመት እየተጻፈበት በቪየና፣ ቆይቶም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯልና። በጥንታዊነቱ ብዙም ባያወጣ፣ ከ28 ግራም ክብደቱ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ስለሆነ ሰብሳቢ የናቀውን አንጥረኛ ይገዛዋል። ገማቹ ሚዛን ላይ ከማኖሩ በፊት ጠርዙን በጥፍሩ ይዳስሳል፤ በትክክል በተመታው ላይ የላቲን ፊደላቱ ጎላ ብለው ይያዛሉ፣ ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰው ሐሰተኛ ላይ ግን ይደበዝዛሉ። ባለቤቱ ያሳመረ መስሎት በአመድና በሎሚ የፈተገው ቢሆን፣ የሚቀረው የብርነቱ ዋጋ ብቻ ነው፤ የሚያሳዝነውም ብዙዎቹ ለገማች ከመታየታቸው በፊት መፈተጋቸው ነው።

የዝሆን ጥርስ አምባርና ቅርጻ ቅርጽ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ኬንያ በ1989 12 ቶን፣ በ2016 ደግሞ 105 ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ያቃጠለች ሲሆን፣ የ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግም ያለ ፈቃድ መያዙን ወንጀል አድርጎታል፤ ስለዚህ ባለሙያው ለእንዲህ ያለው ዕቃ፣ የቱንም ያህል ቢያረጅና ቢያምር፣ ዋጋ አይጠራለትም።