የትናንቱ «ነገ»፦ በኤፕኮት እድሳት ላይ የተነሳው ክርክር ሲፈተሽ

ኦገስት 13 ቀን 2017 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ከኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የዲዝኒ ኤፕኮት ፓርክ፣ ስለ ኃይል ምንጮች ያስተምር የነበረው ፓቪሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሜይ 2022 በዚያው ስፍራ «የጋላክሲው ጠባቂዎች» በተሰኙት ፊልሞች ላይ የተመሠረተ ሮለር ኮስተር ሥራ ጀመረ። ወጣቱ ጎብኚ በደስታ ተሰለፈ። የፓርኩ የረጅም ዘመን ወዳጆች ግን ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ፓርኩ እንደሞተ ቆጠረው፣ ገሚሱ ደግሞ በመጨረሻ ነፍስ እንደዘራ። ክርክሩ ከእድሳቱ በፊትም ነበረ፤ ከእድሳቱ በኋላም አልበረደም። ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለተከራካሪዎቹ መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ የሁላችንም ነው፦ ትኬት ቆርጦ ለእረፍት የመጣን ተራ ቤተሰብ ሳይንስንና የሰው ልጅን ታሪክ እንዴት አድርጎ ማስተማር ይቻላል?

ኤፕኮት ሲታሰብ ፓርክ አልነበረም። ዋልት ዲዝኒ በኦክቶበር 1966 በተቀረጸ ፊልም ላይ ያቀረበው 20,000 ነዋሪ ያለውን ከተማ ነው፤ መኪና ከመሀል ከተማው የራቀበት፣ ሰው በኤሌክትሪክ ባቡር የሚመላለስበት፣ የአሜሪካ ኢንዱስትሪ አዲስ ሥራውን የሚሞክርበት። ነዋሪው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይሆንም ነበር። ሰውየው ፊልሙ ተቀርጾ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1966 ሞተ፤ ከተማውም ከወረቀት አላለፈም። ተተኪዎቹ ስሙን ይዘው በምትኩ ቋሚ የዓለም ዐውደ ርእይ ሠሩ። ኦክቶበር 1 ቀን 1982 የተከፈተው ይህ ፓርክ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ሲሆን፣ በአንድ ወገን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ፓቪሊዮኖች፣ በሌላው ወገን በሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ የተደረደሩ የአገሮች ፓቪሊዮኖች ነበሩት። ሲከፈት ሚኪ ማውስም ሆነ ሌሎቹ የካርቱን ገጸ ባሕርያት በውስጡ ቦታ አልተሰጣቸውም።

የቀድሞው ኤፕኮት ወዳጆች ምን እንደሚናፍቃቸው ለመረዳት በ1983 ተከፍቶ በጃንዋሪ 1999 የተዘጋውን «ሆራይዝንስ» የተባለ ፓቪሊዮን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጎብኚው በዝግታ በሚጓዝ ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጦ የአንድ ቤተሰብን የወደፊት ኑሮ ይመለከታል፤ አያቶች በከተማ፣ ልጆች በበረሃ እርሻ፣ በባሕር ሥር፣ በጠፈር። በበረሃው እርሻ ትዕይንት ውስጥ ሲያልፍ የብርቱካን ሽታ አፍንጫውን ያውደዋል። ወደ መጨረሻው ላይ ከፊቱ አዝራሮች ይበራሉ፤ አብረው የተቀመጡት ተሳፋሪዎች የሚመለሱበትን መንገድ፣ በጠፈር ወይም በበረሃ ወይም በባሕር፣ በድምፅ ብልጫ ይመርጣሉ። በዚህ ትዕይንት የሚዋጋ ጀግና አልነበረም። የሚታየው ሥራ የሚሠራ፣ ልደት የሚያከብር፣ በሩቅ ያለ ዘመዱን በስክሪን የሚያነጋግር ሰው ነው። የነገው ዓለም የእናንተም ቤት ነው ይል ነበር፤ ለዚህ ነው ሰው የወደደው። ፓቪሊዮኑ ሊዘጋ ሲል አንዳንድ ወዳጆቹ ከተሽከርካሪው እየወረዱ ትዕይንቱን በቪዲዮ እስከ መቅረጽ ደርሰዋል። ደንብ ጥሰዋል፤ ዛሬ ስለ ሆራይዝንስ ከምናውቀው ብዙውን ያገኘነው ግን ከእነሱና እንደነሱ ካሉ ሰዎች ነው። ድርጅቱ ሊያቆየው ያልፈለገውን ተመልካቹ ማኅደር ሆኖ አቆየው።

በፓርኩ እስከ ዛሬ በቆመው፣ የሉል ቅርጽ ባለው ትልቅ ሕንጻ ውስጥ ያለው ጉዞ ደግሞ የሰው ልጅ ሐሳቡን ለሌላው ያስተላለፈበትን ታሪክ ይተርካል። ታሪኩን በማሰናዳት ደራሲው ሬይ ብራድበሪ ተሳትፏል። ጎብኚው ከዋሻ ሥዕል ተነስቶ በግብጽ ፓፒረስ፣ በፊንቄ ፊደል አልፎ ወደ ሮም ይደርሳል፤ ሮም ስትቃጠል የጭሱ ሽታ ይሸተዋል። ከዚያ መጻሕፍቱን ያተረፉ የእስልምናና የአይሁድ ሊቃውንት፣ ቀጥሎ በብርዕ የሚገለብጡ የአውሮፓ መነኮሳት ይታያሉ፤ አንደኛው እንቅልፍ ጥሎታል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። የሰው ልጅን የጽሑፍ ታሪክ እተርካለሁ የሚል ጉዞ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን የብራና ዓለም፣ ዛሬም ቁም ጸሐፊ ቆዳ ፍቆ ቀለም በጥብጦ የሚጽፍበትን፣ በጭራሽ አያውቀውም። ይህን የማነሳው ጉዞውን ለማጣጣል አይደለም። ከኤፕኮት ሥራዎች ሁሉ ይኼኛው እጅግ የተዋጣለት ይመስለኛል። ነገር ግን የቀድሞውን ፓርክ ንጹሕ የዕውቀት ቤት አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

የማያስኬድበት ሌላው ምክንያት ገንዘቡ ነው። የኃይል ምንጮችን ታሪክ የሚተርከው ፓቪሊዮን ስፖንሰር ኤክሶን፣ የትራንስፖርቱ ጀነራል ሞተርስ፣ የምግቡ ክራፍት፣ የሆራይዝንስ ጀነራል ኤሌክትሪክ ነበሩ። ነዳጅ ሻጭ ስለ ኃይል፣ መኪና ሻጭ ስለ ጉዞ ሲያስተምር ትምህርቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም። አንትሮፖሎጂስቱ ስቲቨን ፌልማን በ1992 ባሳተመው ሰፊ ጥናት፣ በዲዝኒ ዓለም ውስጥ ታሪክ ለገበያ በሚመች መልኩ ተጠርቦና ተለስልሶ እንደሚቀርብ አሳይቷል። የእድሳቱ ደጋፊዎች ይህን ነጥብ ሲያነሱ ልክ ናቸው፤ የድሮው ትምህርት ማስታወቂያ ነበረበት፣ የዛሬውም ማስታወቂያ አለበት፣ ለውጡ የሚሸጠው ዕቃ ብቻ ነው ይላሉ። እኔ ግን ልዩነቱ ከዕቃው ያልፋል እላለሁ። የድሮው ማስታወቂያ ሥራውን ለመሥራት ጎብኚውን ስለ ዓለም ማሳመን ነበረበት፤ ስለ ዘይት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ስልክ መናገር ነበረበት፤ ስለዚህ ሊሞገት ይችል ነበር። ፊልምን የሚያስተዋውቅ ትርኢት ግን ስለ ዓለም ምንም ስለማይል የሚሞገትበት ነገር የለውም።

ወዳጆቹ ድምፃቸው ተሰምቶ ያውቃል። «ፊግመንት» የተባለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ትንሽ ዘንዶ ከፊልም አልመጣም፤ ለፓርኩ ብቻ የተፈጠረ የምናብ ምልክት ነው። እሱና ባልንጀራው የሚመሩት ጉዞ በ1998 ተዘግቶ በቀጣዩ ዓመት በአዲስ መልክ ሲከፈት ፊግመንት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ቅሬታው እየበረታ ሄዶ፣ አዲሱ ጉዞ ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ ተዘጋ፤ በ2002 ፊግመንት ተመለሰ። ያ ድል ግን ለወዳጆቹ የተሳሳተ ትምህርት የሰጣቸው ይመስለኛል። ዘንዶው ተመለሰ፤ ጉዞው የነበረው ርዝመትና ጥልቀት ግን አልተመለሰም። ድርጅቱ የተረዳው ሰዎች ምልክቱን እንደሚወዱ ነው። በ2022 መጀመሪያ በፊግመንት ቅርጽ የተሠራ የፈንዲሻ ዕቃ ለመግዛት ሰዎች ለሰዓታት ሲሰለፉ፣ ፍቅሩ ምን ያህል በቀላሉ ወደ ሸቀጥ እንደሚቀየር ታየ።

የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት አንድ ምስክር መሆኑ ነው። ዋልት ዲዝኒ በ1966ቱ ፊልም ኤፕኮት መቼም የማያልቅ፣ ሁልጊዜ አዲስ ነገር የሚሞክር እንደሚሆን ተናግሯል። የእድሳቱ ደጋፊ ይህን ይዞ ለውጥ የተፈጥሮው ነው ይላል። ተቃዋሚው ደግሞ የሚሞከረው አዲስ ሐሳብ እንጂ የወጣ ፊልም አይደለም ብሎ ይመልሳል። ምሁሯ ስቬትላና ቦይም በ2001 ባወጣችው የናፍቆት ጥናት ሁለት ዓይነት ናፍቆት ትለያለች፦ አንደኛው የፈረሰውን እንደነበረ መልሶ ሊያቆም የሚሻ፣ ሌላው መመለስ እንደማይቻል አውቆ ያለፈውን የሚያሰላስል። በኤፕኮት ክርክር ጎልቶ የሚሰማው የመጀመሪያው ነው፤ ሆራይዝንስ ይመለስ፣ የድሮው ስም ይመለስ ይላል። ሁለተኛው ግን ፍሬያማ መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ድርጅቱ በ2023 የመኪና ሙከራ ጉዞውን ሲያድስ ከ1982ቱ የትራንስፖርት ፓቪሊዮን መንፈስ እንደሚወስድ አስታወቀ። የተወሰደው መንፈሱ እንጂ ሕንጻው አይደለም፤ ይህም ከማጣት ይሻላል።

ከአገሮቹ ፓቪሊዮኖች የኖርዌይ ጉዳይ ብቻውን ጽሑፍ ይወጣዋል። ከ1988 እስከ ኦክቶበር 2014 ድረስ ጎብኚው በጀልባ ተቀምጦ ቫይኪንጎችን አልፎ፣ የተረት ጭራቆች ጀልባውን ወደ ኋላ እየገፉት፣ በመጨረሻ በማዕበል መሀል ከቆመ የሰሜን ባሕር የነዳጅ ማውጫ ሥር ይደርስ ነበር። ተረትና ኢኮኖሚ በአንድ ቦይ ማለት ነው። በ2016 በዚያው ቦይ፣ በዚያው ጀልባ፣ የ«ፍሮዝን» ፊልም ምናባዊ ግዛት ገባ። ወዳጆቹ እውነተኛ አገር በሌለ አገር ተተካ ብለው አዘኑ፤ ሐዘናቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ የደረሰው በኖርዌይ ብቻ ቢመስላቸው ተሳስተዋል። ፓርኩ ሲከፈት የምድር ወገብ አፍሪካ ፓቪሊዮን እንደሚሠራ ተነግሮ ነበር፤ ደራሲው አሌክስ ሄሊም አማካሪ ሆኖ ስለ ዕቅዱ በቴሌቪዥን ተናግሯል። አልተሠራም። በቻይናና በጀርመን መካከል የቀረው ትንሽ ሱቅ፣ መጠጥ መሸጫና ከበሮዎች ናቸው። ዛሬ አፍሪካን ወክላ የቆመችው ንጉሥ ሐሰን 2ኛ ባለሙያዎቻቸውን ልከው ንጣፉን በእጅ ያስሠሩላት ሞሮኮ ብቻ ናት። ድርጅቱ በ1998 በሌላው ፓርኩ አፍሪካን ሲሠራ የመረጠው በካርታ ላይ የሌለች የምሥራቅ አፍሪካ ከተማን ነው። አውሮፓ በስሟ ስትጠራ አፍሪካ በምናብ ተወከለች። የኖርዌይ ወዳጆች በ2014 የተሰማቸውን እኛ ከመነሻው እናውቀዋለን። ስለዚህ ለእውነተኛ አገር የሚከራከር ወገን የአፍሪካንም ባዶ ቦታ በክርክሩ ውስጥ ሊያካትት ይገባዋል።

እንግዲህ ገጸ ባሕርይ መኖር አለመኖሩ መለኪያ ሊሆን አይችልም። በኦክቶበር 2023 የተከፈተው የ«ሞዋና» የእግር መንገድ ከፊልም የመጣ ነው፤ ግን ሕፃን እጁን ሲዘረጋ የሚመልስለት እውነተኛ ውኃ ነው፤ የሚማረውም ውኃ ከሰማይ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ሰማይ የሚያደርገውን ዑደት ነው። ከ21 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ በሚይዘው የባሕር ፓቪሊዮን ውስጥ የ«ኒሞ» ዓሦች በብርሃን ተሥለው ከሕያዋን ዓሦች ጋር ይዋኛሉ፤ ሕያዋኑ እስካሉ ድረስ የተሣሉት ጉዳት የላቸውም። በአንጻሩ የጋላክሲው ሮለር ኮስተር እጅግ የሚያስደስት የምሕንድስና ሥራ ነው፤ ስለ ጠፈር ግን ጎብኚው ይዞት የሚወጣ አንድም ጥያቄ የለም። የእኔ መለኪያ ይኸው ነው፦ ጎብኚው ፊት ለፊት የቆመው እውነተኛ ነገር ነው ወይ? የገባው ጥያቄስ የሚመልስለት አለ ወይ?

በዚህ መለኪያ ሲታይ ትልቁ ኪሳራ ብዙ ጩኸት ያላስነሳው ነው። «ዘ ላንድ» በተባለው ፓቪሊዮን ጎብኚው በጀልባ ወደ እውነተኛ የግሪንሃውስ እርሻ ይገባል። ያለ አፈር፣ ሥራቸው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ውኃና ማዳበሪያ የሚረጭላቸው ተክሎች፣ እንደ ዛፍ ተዘርግቶ ከአንድ ግንድ በዓመት ከ32,000 በላይ ፍሬ በመስጠት በጊነስ የተመዘገበ ቲማቲም እዚያ ታይተዋል። ምርቱ እዚያው ባለው ምግብ ቤት ይቀርባል። ተመራማሪዎቹ በጎብኚው ዓይን ሥር ይሠራሉ። ለረጅም ዓመታት በየጀልባው ላይ አንድ አስረጂ ይቆም ነበር፤ ጎብኚው ያ ምንድን ነው ሲለው ይመልስለታል። በ2000ዎቹ አጋማሽ አስረጂው ቀርቶ በተቀረጸ ድምፅ ተተካ። ምንም የካርቱን ገጸ ባሕርይ አልገባም፤ ምንም ሕንጻ አልፈረሰም፤ ስለዚህ እንደ ሆራይዝንስ ያለቀሰለት የለም። ግን ያን ቀን ትምህርት ቤቱ መምህሩን አጣ። ዛሬ በግሪንሃውሶቹ መካከል እየተራመደ የሚያስረዳ ሰው የሚገኘው ለብቻው በሚከፈልበት ጉብኝት ነው።

የኤፕኮት ወዳጆች አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ወደ ድርጅቱ መሄድ ቢኖርባቸው፣ የፈረሰውን ፓቪሊዮን መልሱልን ከማለት ይልቅ አስረጂውን ወደ ጀልባው መልሱልን ይበሉ።